ተመዛዡ መሰላል እና የቡና ገለባ ብናኝ

ጅማ ውስጥ የአንድ ቡና መጋዘን የመብራት መስመር እያደስን ነበር። የመጋዘኑ ባለቤት ተሰብስቦ በእጅ የሚያዝ፣ ሲመዘዝ ግን ከ3 ሜትር በላይ የሚረዝም የአልሙኒየም መሰላል አቀረቡልን። ካርቶኑ ላይ «ቴሌስኮፒክ» ይላል። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት አንብቦ «ጋሼ፣ ቴሌስኮፕ የኮከብ ማያ አይደለም እንዴ? ከመሰላል ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ።

ጥያቄው ደስ አሰኘኝ፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው መሰላሉን በጥንቃቄ ይይዘዋልና። የሥነ ፈለክ ሰዎች ያለ መሣሪያ የማይታይን አካል ቴሌስኮፒክ ይሉታል፤ በ1846 እ.ኤ.አ. የተገኘችው ኔፕቱን እንዲህ ናት። የእኛ ሙያ ግን ስሙን የወሰደው ከመሣሪያው ቅርጽ ነው። የድሮ መርከበኞች የእጅ ቴሌስኮፕ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ እየገባ ያጥራል፤ እየተመዘዘ ይረዝማል። የሬዲዮ አንቴና፣ የክሬን ክንድ፣ የሞተር ብስክሌት የፊት አሞርዛተር ሁሉም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው የሚመጣው። በተራ መሰላል የሰውየው ክብደት በአንድ ወጥ ብረት በኩል መሬት ይደርሳል። በተመዛዡ ግን እያንዳንዱ ቱቦ ከታቹ ባለው ላይ የሚቆመው በግራና በቀኝ በሚቆለፉ ሁለት ትንንሽ ፒኖች ነው። ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልገባ፣ የአልሙኒየሙ ጥንካሬ ምንም አይጠቅምም።

አደጋው ከቀትር በኋላ ደረሰ። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ኃይሉን ከቆጣሪው አጥፍተን ነበር። ወጣቱ ጥቂት መርገጫ እንደ ወጣ በአንድ በኩል ያለው ፒን ለቀቀና ቱቦው ወደ ውስጥ ሸሸ። ሁለት መርገጫዎች ተጋጥመው ጣቶቹን ያዙት። ወፍራም የቆዳ ጓንት ባያደርግ ኖሮ ጣቱ ይሰበር ነበር። ደግፌ አወረድኩት፤ እጁ አብጦ ነበር እንጂ አጥንቱ ደህና ነበር።

መሰላሉን አስተኝተን ስንመረምረው ምክንያቱ ታየን። ጅማ በደረቅ ቡናዋ የታወቀች ናት፤ ገለባው ሲፈለፈል የሚነሣው ብናኝ መጋዘኑን ይሞላዋል። ከሠራተኞቹ አንዱ ቱቦዎቹ እንዲንሸራተቱ ብሎ ዘይት ቀብቷቸው ኖሯል፤ ዘይቱ ብናኙን ይዞ ፒኖቹ ዙሪያ እንደ ጭቃ ረግቷል። ቱቦው በደረቅ ጨርቅ ቢጠረግ ይበቃው ነበር። ይህን የሚናገረው መመሪያ ግን በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ አልተጻፈም፤ የሰው አካል የሚያጎድል ዕቃ እንዲህ መሸጡ እስካሁን ያናድደኛል።

ባለቤቱ «ተጠርጎ በሽቦ ቢታሰርስ?» አሉ። «አይሆንም፤ ፒኑ ተጣሞ ቢሆን ከውስጥ ስለሆነ አይታየንም» አልኳቸው። ለጊዜው ቅር አላቸው፤ የወጣቱን እጅ ሲያዩ ግን ተስማሙ። ማንም አንስቶ እንዳይወጣበት በብረት መጋዝ ለሁለት ቆረጥነው። የቀሩትን መብራቶች በስካፎልዲንግ ላይ ሆነን ጨረስን። አሁን ተመዛዥ መሰላል ወደ ሥራ ቦታ ሲመጣ፣ ከመቆሙ በፊት ያ ወጣት የእያንዳንዱን ቱቦ ፒን በግራም በቀኝም በጣቱ እየነካ ይፈትሻል፤ የመሰላሉንም እግር በየ4 ሜትሩ ከፍታ 1 ሜትር ከግድግዳው አርቆ ያቆመዋል።