ዘይቱን ከምሳ ጋር፦ የደም ማነስ ሕክምናዬን በአመጋገብ እንዴት እንደደገፍኩት

ዘይቱን (ጓቫ) በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ፍሬ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ መቼና ከምን ጋር ቢበላ የበለጠ እንደሚጠቅም ግን እምብዛም አይነገርም። እኔ ነገሩን በቅርብ መከታተል የጀመርኩት የሄሞግሎቢኔ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ፕሮቲን) መጠን፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ዝቅተኛ ወሰን ተደርጎ ከሚወሰደው በዴሲ ሊትር 12 ግራም በታች መሆኑ በምርመራ ከታወቀ በኋላ ነው። ችግሩ የእኔ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶ የሚሆኑት ደም ማነስ ነበረባቸው። ሐኪሙ የአይረን (ሰውነት ሄሞግሎቢን ለመሥራት የሚያስፈልገው ማዕድን) እንክብል ካዘዙልኝ በኋላ ምን እንደምመገብ ጠየቁኝ። የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ከቤታችን እንደማይጠፉ ስነግራቸው፣ «ምግብሽስ አይረን አላጣም፤ ሰውነትሽ ግን በሚገባ እየወሰደው አይደለም» አሉኝ።

በሥጋ ውስጥ ከሚገኘው አይረን ከፊሉ፣ በእህል፣ በጥራጥሬና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም። የዕፅዋቱን አይረን አንጀት በቀላሉ አይቀበለውም፤ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ የሚገኘው ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገርም ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ቫይታሚን ሲ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ አይረኑን አንጀት ወደሚቀበለው መልክ ይለውጠዋል፣ ሟሙቶ እንዲቆይም ያደርገዋል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ነው። በተለይ በጾም ወራት፣ ሥጋ ከማዕድ በሚርቅበት ጊዜ፣ ጉዳዩ ይበልጥ ያሳስባል።

ከፍራፍሬዎች መካከል ዘይቱንን የመረጥኩት በሚይዘው የቫይታሚን ሲ መጠን ምክንያት ነው። 100 ግራም ዘይቱን 228 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ ሲይዝ፣ በዚሁ የሚመሰገነው ብርቱካን በተመሳሳይ ክብደት የሚይዘው 53 ሚሊ ግራም ያህል ነው። መካከለኛ መጠን ያለው አንድ ዘይቱን ለአንድ ዐዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት ይበቃል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በ100 ግራም ከ5 ግራም በላይ አሰርና ደህና የፖታሲየም መጠን አለው፤ ውስጡ ቀይ የሆነው ዓይነት ደግሞ ቲማቲምን የሚያቀላው ላይኮፒን ይገኝበታል። «ዘይቱን ደም ይሆናል» የሚለው አነጋገር ግን እንዳለ የሚወሰድ አይደለም፤ ፍሬው ራሱ የያዘው አይረን እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚሠራው ከሽሮውና ከምስሩ የሚገኘው እንዲወሰድ ማገዝ ነው። ለቫይታሚን ኤ ከሆነም ማንጎና ፓፓያ ይበልጡታል።

ስለዚህ ዘይቱኑን እንደ መክሰስ ከመብላት ይልቅ ቆራርጬ ከምሳው ትሪ አጠገብ አስቀምጥና ከእንጀራው ጋር እያፈራረቅሁ እበላለሁ። ፍራፍሬ ከምግብ ጋር ከተበላ ሆድ ውስጥ ይበላሻል የሚሉኝ ዘመዶች አሉ፤ ይህ መሠረት የሌለው ስጋት ነው።

ከዘይቱኑ ይልቅ ያስቸገረኝ ቡናው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የሚጠጣ አንድ ሲኒ ቡና ሰውነት ከዚያ ምግብ የሚወስደውን አይረን በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይበልጥ ያስገረመኝ፣ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ቅነሳው ያው ሆኖ ሳለ፣ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም ቅነሳ አለመታየቱ ነው። ከምሳ በኋላ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። እናቴ «በባዶ ሆድሽ ቡና ልትጠጪ ነው?» ብላ ተቆጣች፤ የተስማማነውም ቡናው ረፋድ ላይ ከቆሎና ከአምባሻ ጋር እንዲሆን ነው። ቡና ቁርሱ በደንብ እስከቀረበ ድረስ ጎረቤቶቻችንም ሰዓቱን አልተቃወሙም።

ዘይቱን ስገዛ ቆዳው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የዞረውን፣ በጣት ሲጫኑት ለስለስ የሚለውንና ሽታው የሚያውደውን እመርጣለሁ። ጥሬው አፍን የሚያኮማትረው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለበት ነው፤ ታኒን ደግሞ እንደ ሻይ ሁሉ አይረንን ይይዛል። የዘይቱን ቅጠል ለሁሉም በሽታ ፈውስ ነው እየተባለ ሲወራ እሰማለሁ፤ ቅጠሉም በታኒን የተሞላ በመሆኑ፣ ደም ማነስ ያለበት ሰው አፍልቶ ከምግብ ጋር ቢጠጣው ከሻይ የሚለይ አይመስለኝም። የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላሏን ስለምትጥልበት፣ የበሰለውን ሁልጊዜ መሐል ለመሐል ከፍዬ ነጫጭ ትል አለመኖሩን አያለሁ። ቆዳውን በደንብ አጥባለሁ እንጂ አልልጠውም፤ ቫይታሚን ሲው በብዛት የሚገኘው በቆዳውና በዙሪያው ነውና። ጭማቂ ቤት የሚሸጠው ግን ዘሩና አሰሩ ተጠልሎለት ስኳር የተጨመረበት ስለሆነ ለዚህ ዓላማ አልጠቀምበትም።

ሄሞግሎቢኔ በተከታታይ ምርመራ ከ12 በላይ ወጥቷል። ለዚህ ዋናው ባለውለታ እንክብሉ ነው፤ ደም ማነስ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ትቶ ፍራፍሬ ላይ ቢተማመን ራሱን ይጎዳል። ሆኖም እንክብሉን በሐኪም ፈቃድ ካቆምኩ በኋላም መጠኑ ባለመውረዱ፣ ከዘይቱኑና ከቡናው ሰዓት መለወጥ የተገኘ ድርሻ እንዳለው አምናለሁ።

ዘይቱን ዓመቱን ሙሉ ገበያ ላይ አይገኝም። በሚጠፋበት ወቅት የምተካው በጥሬ ቃሪያ ነው፤ በክብደት ሲነጻጸር በቫይታሚን ሲ ከዘይቱን አይተናነስም፤ በጾም በየያይነቱ ላይ የሚቀርበው ስንግም ሳይበስል ስለሚበላ ለዚህ ይመቻል። ማቃጠሉን በማልችልበት ቀን ጎመኑ ላይ ሎሚ እጨምቃለሁ፤ ቫይታሚን ሲ በሙቀት ስለሚጠፋ ሎሚውን የማደርገው ጎመኑ ከምድጃ ወርዶ ለብ ካለ በኋላ ነው።