ጽዋውን አልቀበልም ብዬ ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጄ በታኅሣሥ ገብርኤል ሌሊት ደረቴ ላይ እንደተኛች ትንፋሿ ቆመ። ዛሬ ጓዳ ውስጥ ከአያቷ ጋር እየተጨቃጨቀች ነው። እግዚአብሔር እሷን ከሞት፣ እኔን ደግሞ ከቂም እንዴት እንዳወጣን ልመስክር።

ቂሜ ከእሱ ከራሱ ጋር ነበር። ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ አርግዤ ነበር። ቤተሰባችን የገብርኤል ነው፤ በየወሩ በ19 ጽዋ እንጠጣለን። እኔም ቁልቢ ድረስ ሄጄ ተሳልኩ። በሰላም ከተገላገልኩ ልጁን አቅፌ፣ ጥላ ይዤ እመለሳለሁ አልኩ። ቁልቢ የሄደ ያውቀዋል። ያ ሕዝብ፣ ያ እልልታ፣ ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ የመጣው፣ ስእለቱ የሰመረለት። በሚቀጥለው ዓመት እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ ብዬ ተመለስኩ።

ልጄ ሞቶ ተወለደ።

ተናደድኩ። ሰው "እግዚአብሔር ያውቃል" ሲለኝ ደሜ ይፈላ ነበር። ካወቀ ታዲያ ለምን? የጽዋ ተራዬ ደርሶ ማኅበርተኞቹ ሊያስረክቡኝ ሲመጡ "አልቀበልም፤ ለሌላ ስጡት" አልኳቸው። እናቴ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። በእኔ ቤት ውል ነበረን። እኔ እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ እሳላለሁ፤ እሱ ደግሞ ይሰጠኛል። ውሉን ያፈረሰው እሱ ነው።

የንስሐ አባቴ ይህን ሰምተው ቤት መጡ። ይገሥጹኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። "ልጄ፣ ተቆጪ" አሉኝ። "ግን ለሰው አትንገሪው፤ ለራሱ ንገሪው።" ዳዊታቸውን አውጥተው መዝሙር 12ን አነበቡልኝ። "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ዳዊት በየማለዳው በሚደገምበት ቤት አድጌ ይህን ቃል ልብ ብዬው አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ እሷው ብቻ ሆነች። ማታ ማታ፣ መብራት አጥፍቼ፣ በቁጣ። አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያን ቀን ተቆጥተውኝ ቢሆን ኖሮ በሩን ዘግቼ እቀር ነበር።

ወራት አለፉ። ቁጣው ቀስ እያለ ወሬ ሆነ፤ ወሬው ጸሎት። እንደገና አረገዝኩ። በዚህኛው ግን ስእለት አልተሳልኩም።

ልጄ በሰባት ወሯ መጣች። 1.2 ኪሎ። የእግሯ መዳፍ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ማሞቂያ ውስጥ ቆይታ ትንሽ ስትጠና ወደ ካንጋሮ ክፍል አወጡን። ለማታውቁት፣ ሕፃኗን ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርገው በእናቷ ባዶ ደረት ላይ በጨርቅ ያስሯታል። የእናት ገላ ያሞቃታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ማሞቂያ ለሕፃናቱ አልበቃ ሲል የተጀመረ ዘዴ ነው። ጡት ለመሳብ አቅም ስለሌላት፣ የታለበ ወተቴን በአፍንጫዋ በገባች ቀጭን ቱቦ ይሰጧታል። እኔ ትራስ ተደግፌ አድራለሁ።

አጠገቤ ያለችው የወራቤ ልጅ ናት፤ ሙስሊም። መንታ ወልዳ አንዷ ደረቷ ላይ፣ አንዱ ገና ማሞቂያ ውስጥ ነው። ጨርቁን እንዴት እንደማጠብቅ ያሳየችኝ እሷ ናት። ወተቴ እምቢ ሲል አጥሚቷን ታካፍለኝ ነበር።

ለ19 አጥቢያ ነው። የታኅሣሥን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከሩቅ በድምፅ ማጉያ የማኅሌቱ ከበሮ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ሴት ልጅ የወለደች እናት እስከ 80 ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባምና አልጋዬ ላይ ሆኜ አዳምጣለሁ። ልጄ ስትተነፍስ ደረቴን ነካ የምታደርግበት ትንሽ እንቅስቃሴ አለች። በእሷ ነበር የምኖረው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ያቺ እንቅስቃሴ ቀረች።

መጀመሪያ እንቅልፍ የወሰደኝ መሰለኝ። ጠበቅሁ። የለችም። ጨርቁን ፈትቼ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞርኩ። ከንፈሯ ጠቁሯል። እጇ ዝልፍልፍ ብሏል። ልጮህ ብል ድምፄ አልወጣም። የጮኸችልኝ የወራቤዋ ናት። "ሲስተር! ሲስተር!" እያለች፣ ልጇን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በባዶ እግሯ ኮሪደሩን ሮጠች። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ናት፤ ቁስሏ ገና አልደረቀም። እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈላት።

ሲስተር በሩጫ መጣች። ልጄን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ የእግሯን መዳፍ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ምንም። ጀርባዋን አሸት አሸት። ምንም። አንገቷን አስተካክላ ትንሿን ጭምብል አፍና አፍንጫዋ ላይ ገጥማ አምቡባጉን፣ ያቺን በእጅ እየተጨመቀች አየር የምትሰጠውን ከረጢት፣ ትጨምቅ ጀመር። ደረቷ ከፍ ይላል፤ ይወርዳል። ከእጅ የሚመጣ ትንፋሽ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። ክርስትና አልተነሳችም። እሱን ሳስብ ጉልበቴ ከዳኝ።

ስእለቱ አፌ ላይ መጣ። "ቅዱስ ገብርኤል፣ ብታተርፍልኝ…" ልል ነው። አልወጣልኝም። በምትኩ የመጣልኝ ሠለስቱ ደቂቅ ለናቡከደነፆር የመለሱት መልስ ነው። አምላካችን ከእሳቱ ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም። ከልጅነቴ ጀምሮ በዓሉን ሳከብር የማስበው መልአኩ እሳቱን እንዳቀዘቀዘላቸው ነበር። እነሱ ግን ይህን የተናገሩት ከመዳናቸው በፊት ነው። እሳቱ እየነደደ፣ መውጣታቸውን ሳያውቁ።

"ጌታዬ፣ ያንተ ናት" አልኩ። "ብትወስዳትም ካንተ ጋር አልጣላም። ግን አትውሰድብኝ፤ እለምንሃለሁ።" ሁለቱንም ከልቤ ነው ያልኩት። ከዚያ ሌላ ቃል አልነበረኝም። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። የማኅሌቱ ከበሮ እዚያ ማዶ ይመታል። የወራቤዋ ትከሻዬን ይዛ በራሷ ቋንቋ ትጸልያለች።

ሲስተር እጇን አቆመች። ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ። ለካ እያዳመጠች ነው። ልጄ "ሲር" የምትል ቀጭን ድምፅ አወጣች። ከዚያ አለቀሰች። ሲስተርም አብራ አለቀሰች። ስሟን እዚህ አልጽፈውም እንጂ በየቀኑ ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ።

ጠዋት ሐኪሙ አስረዳኝ። ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎላቸው ክፍል ስላልበሰለ መተንፈስ ይረሳሉ አለኝ። መድኃኒት ጀመሩላት። በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሳች።

የወራቤዋ ወንድ ልጅ ግን ከሳምንት በኋላ ማሞቂያው ውስጥ ሞተ። ለዚህ ነው "እኔ ስለጸለይኩ ልጄ ተረፈች" ብዬ ደረቴን መንፋት የማልችለው። እሷ ከእኔ አብልጣ ስትጸልይ አድራለች። ድሮ ቢሆን እሷ አጠገብ ሆኜ "ስእለቴ ሰመረ" እያልኩ እልል እል ነበር። ያን ቀን አብሬያት አለቀስኩ። የእኔም ወንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለቀሰለት ያን ቀን ነው።

አሁን ኑሮን በዚያ በውሉ ዓይን አላየውም። ሥራ ሲበላሽ "ምን በድዬህ ነው?" ብዬ አልጠይቅም፤ ሲቀናኝም ደመወዜን የተቀበልኩ አይመስለኝም። ልጄ ስታስል ዛሬም እደነግጣለሁ፤ ድንጋጤዬን ይዤ ወደ እሱ እሄዳለሁ እንጂ ከእሱ አልሸሽም። ቁልቢ ስእለት አትሳሉ ማለቴ አይደለም። እኔም ልጄን አዝዬ ሄጃለሁ፤ ጥላውንም ወስጃለሁ። ስእለት ሳይኖርብኝ፣ ለምስጋና ብቻ።

ጽዋውን ራሴ ጠይቄ ተቀበልኩ። ተራዬ ሲደርስ ማኅበርተኞቹ ለካንጋሮ ክፍል እናቶች አጥሚት በፔርሙስ ይዘን እንሄዳለን። እናንተም የታመመ ልትጠይቁ ስትሄዱ እነሱን አትርሷቸው። ከሩቅ አገር የመጡ፣ ጠያቂ የሌላቸው ብዙ ናቸው። የወራቤዋን እህቴንና የቀረችላትን ልጅ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።