በድሬ ግቢ አጭር ፊልም ስናይ

ግቢያችን ውስጥ አጫጭር ፊልም ማሳየት ስጀምር መጀመሪያ የገጠመኝ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ ነዋ! አንዱ በኦሮምኛ ያወራል፣ አንዷ በሶማሊኛ ትመልሳለች፣ እኔ በአማርኛ እገባበታለሁ። ጥግ ላይ የሚቀመጡት የምድር ባቡር ጡረተኛ ደግሞ ሲናደዱ በፈረንሳይኛ ነው። እርስ በርስ እንግባባለን፣ ችግር የለም። እንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ግን ማንም ተከትሎ አይጨርሰውም። ስለዚህ ንግግር የሌለባቸውን ፊልሞች መፈለግ ጀመርኩ።

ለችግር ማቅለያ ያደረግኩት ነው። ቆይቶ ሲታይ ግን የምሽቶቻችን ጉልበት ያለው እዚያ ላይ ነው። ተዋናዩ ምን እንደሚሰማው ካልነገረን ስሜቱን እኛ እንሰጠዋለን። ከየት አምጥተን? ከራሳችን ቤት፣ ከራሳችን ሰፈር።

አደራረጉ ቀላል ነው። ፊልሞቹን ፍላሽ ላይ እጭናለሁ፣ ቴሌቪዥኑን ወደ በረንዳ እናወጣለን፣ ምንጣፍ ይነጠፋል። ቀን አይሞከርም። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ወይ በርጫ ላይ ነው ወይ ተኝቷል። ከመግሪብ በኋላ ነፋስ ቢጤ ሲመጣ ነው የሚያምረው። የኦስካር ሰዎች አጭር ፊልም የሚሉት እስከ 40 ደቂቃ የሚረዝመውን ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው የስም ዝርዝር ጭምር። ለእኛ 40 ይበዛል። ሕፃን አለ፣ ትንኝ አለ፣ መብራት ይጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ደቂቃ በታች ያለውን እመርጣለሁ።

ለማሟሟቂያ ብዬ መጀመሪያ የከፈትኩት 50 ሰከንድ ገደማ የሆነውን የሉሚዬር ወንድማማቾችን የባቡር ፊልም ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የታየ ነው። ታሪክ የሚባል ነገር የለውም። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ላ ሲዮታ የምትባል ከተማ ባቡር ጣቢያ ይገባል፣ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል፣ አለቀ። ተመልካቹ ባቡሩ የሚወጣበት መስሎት ከአዳራሹ ሮጦ ወጣ የሚባለውን ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። የፊልም ታሪክ አጥኚዎች ብዙም አያምኑትም። እኔ እንዲያስቅ ብዬ ነበር ያመጣሁት፤ ልጆቹም ሳቁ።

የባቡር ጡረተኛው ጋሼ ግን አልሳቁም። «መልሰው» አሉኝ። መለስኩት። «አንዴ ደግሞ።» ደገምኩት። እሳቸው ባቡሩን አይደለም የሚያዩት፣ የጣቢያውን ሠራተኛ ነው። «አየኸው? ባቡር እየገባ እንኳን አይቸኩልም። ሥራውን የለመደ ሰው ነው» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ድሬ ከተማ የሆነችው ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ስለደረሰ ነው። ፊልሙ ከከተማችን የሚበልጠው በስድስት ዓመት ብቻ ነው ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር 2009 ላይ የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚያልፈው። የድሮው ጣቢያ ለገሃር መሃል ከተማ ላይ ቆሞ ቀርቷል፣ ፉጨቱም እንደ ድሮው አይሰማም። ዕድሜያቸውን እዚያ ለጨረሱ ሰው 50 ሰከንድ በቂ ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ ለማስለቀስ ተብለው የተሠሩ ፊልሞችን ማሳደድ ተውኩ። ሙዚቃው ገና ከመጀመሪያው «አሁን አልቅሱ» የሚላችሁ ዓይነት አለ አይደል? እነሱን።

ፊልም እንዳለቀ ቀድሞ የሚናገር ሰው ምሽቱን ይወስደዋል። አንዱ «ደባሪ ነው» ካለ የተነካውም ሰው ይደብቀዋል። «ሲያሳዝን!» ካለ ደግሞ ምንም ያልተሰማው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። ስለዚህ ሻይ እስኪቀዳ ማንም እንዳይናገር ተስማማን። ሻዩን የምትቀዳው እህቴ ናት፤ ነገሩ ስለገባት ሆን ብላ ትዘገያለች። ሕፃናቱን ዝም ማሰኘት አይቻልም፣ እነሱን ትተናቸዋል።

«መልእክቱ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄም ግቢያችን ውስጥ የለም። እሱን ጥያቄ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጠግበነዋል። ሲነሳ ሰው ሁሉ አስተማሪ ይሆናል፤ «ፊልሙ ወላጅን ማክበር ያስተምረናል» ይባልና ወሬው ይሞታል። «ወደድከው?»ም ብዙ አያስኬድም። እኔ የምጠይቀው «የቱ ጋ ቀረህ?» ብዬ ነው። ሰው ይህን ሲጠየቅ አንድ ቦታ ይጠቁማል። ቦታውን ከጠቆመ በኋላ ስሜቱን ማውጣት ቀላል ነው፤ አንዳንዴም ሳይጠየቅ ይመጣል።

«ፋዘር ኤንድ ዶተር» የሚባለውን አኒሜሽን ያሳየሁት ይህ ልማድ ከያዘን በኋላ ነው። የሆላንዳዊው የሚካኤል ዱዶክ ደ ቪት ሥራ ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት ኦስካር ወስዷል። ስምንት ደቂቃ ነው። አባት ትንሽ ልጁን ውኃ ዳር አቅፎ ይሰናበታትና በጀልባ ይሄዳል። አይመለስም። ልጅቷ በብስክሌት እየመጣች ውኃውን ታያለች። ታድጋለች፣ ባል ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ ታረጃለች፤ መምጣቷን አትተውም። ፊታቸው ይታያል ማለት አይቻልም። ከሩቅ የሚታዩ ጥቋቁር ምስሎች ናቸው።

ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን «ብስክሌቱ ላይ ቀረሁ» አለ። የቱ ጋ? ነፋስ ፊቷን እየመታት ዳገቱን የምትገፋበት ቦታ። «አቦ፣ መጠበቅ እኮ ሥራ ሆነባት። እንደኔ፣ ጠዋት ተነስተህ እንደምትወጣው» አለ። የሱ አባት ጅቡቲ ብለው ከወጡ ዘመን የለውም፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱ ግን በአፉ ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀንም አላነሳውም። ስለ ብስክሌቱ ብቻ ነው ያወራው፤ በቂ ነበር።

ከዚሁ ፊልም ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ተሳቀ። ሴትየዋ አርጅታ ብስክሌቷን ልታቆም ስትሞክር ይወድቃል። ታነሳዋለች፣ ይወድቃል። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ግን ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ተሰበረ። ሳቅና እንባ በአንድ ትንፋሽ የሚመጡበት ቦታ እንዲህ ያለ ነው። በረጅም ፊልም ለዚያ ቦታ ተዘጋጅተህ ትደርሳለህ፤ አጭሩ ጊዜ አይሰጥህም። ሳቅህ አፍህ ላይ እያለ ፊልሙ አልቋል።

መጨረሻው ላይ ውኃው ደርቋል። አሮጊቷ በሣሩ መሃል ተራምዳ አሸዋ የዋጠውን ጀልባ ታገኛለች፣ ገብታ ትተኛለች፣ ከዚያ ተነስታ እየሮጠች መልሳ ወጣት ትሆናለች፣ አባቷም አለ። ሞታ ነው ወይስ ሕልም ነው? በዚህ ላይ ክርክር ሊነሳ ሲል አንዲት እናት «አኼራ ነው» አሉ፤ ክርክሩ ተዘጋ። የደረቀው ውኃ ግን ለማንም አልተብራራም፤ ማብራሪያ አላስፈለገውም። የደቻቱ ወንዝ አጠገባችን ነው። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል።

ደቻቱ ግን ሌላም ጊዜ አለው። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 1998 ሌሊት ላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ከወንዙ ዳርና ዳር የነበሩ ብዙ ቤቶችን ጠርጎ ወስዷል። ድሬ ውስጥ ስለ ውኃ የሚያወራ ፊልም የምታሳዩ ከሆነ ይህን ይዛችሁ ነው የምትቀመጡት። ስለዚህ የጃፓናዊውን የኩኒዮ ካቶን ፊልም ከማሳየቴ በፊት በዚያ ሌሊት ቤታቸውን ያጡትን እትዬን ሄጄ አስፈቀድኩ። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። «ካርቱን አይደል እንዴ? አምጣው» አሉኝ።

ፊልሙ «ላ ሜዞን አን ፕቲ ኩብ» ይባላል። የ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው፤ 12 ደቂቃ፤ እሱም ኦስካር አለው። ውኃ እየጨመረ በሚሄድበት ከተማ የሚኖር ሽማግሌ ውኃው በመጣ ቁጥር ቤቱ ላይ ሌላ ክፍል ይደርባል። አንድ ቀን ፒፓው ይወድቅና ወደ ታች ይሰምጣል። የጠላቂ ልብስ ለብሶ ሊያወጣው ይወርዳል። በእያንዳንዱ ፎቅ ያለፈ ዕድሜውን ያገኛል፤ ሚስቱን፣ የልጁን ሠርግ፣ ልጁ ትንሽ የነበረችበትን ጊዜ።

ፊልሙ አለቀ። እህቴ ሻዩን አዘገየች። ያለቀሱ ነበሩ። እትዬ አላለቀሱም። ተቆጥተው ነበር።

«ይሄ ውኃ ጨዋ ነው» አሉ። «እስኪሠራ ይጠብቀዋል። የኛው አላንኳኳም።»

ማንም አልመለሰም። የቱ ጋ ቀሩ ብዬ አልጠየቅኩም፣ እሳቸው ቀጠሉ። «ሰውየው የታደለ ነው። ወርዶ ቤቱን አገኘው። ብፌው እንኳን በቦታው አለ። እኔ የት ልውረድ?»

ስለዚያ ፊልም የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ። ሁሉም ስለ ትዝታና ስለ ሐዘን ነው። ቅናት ያለ የለም። እትዬ ግን በግልጽ የቀኑበት ሰው አለ፤ ቤቱ ሰምጦ ሳይፈርስ የቀረለት ሽማግሌ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ፊልሙን ራሴም እንደ ድሮው አላየውም። ሽማግሌው ሲወርድ ግድግዳው መቆሙን ነው የማየው።

ልማዳችን ሰው ሲከፋው «አይዞሽ፣ ተይው በቃ» ማለት ነው። ደግ ልማድ ነው፣ ግን ወሬ ይዘጋል። የዚያን ምሽት ሰዉ አይዞሽ ሊል አፉን ሲከፍት ጋሼ በእጃቸው ከለከሉ። እትዬ ስለ ብፌው ብዙ አወሩ። ምን ምን እንደነበረበት፣ ማን እንደሠራው። ከዚያ ሁለተኛ ሻይ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ከባድ ፊልም አንድ ምሽት ላይ አላስከትልም፤ ሊነካው የሚችል ሰው ካለም ታሪኩን አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ታሪኩን ማወቃቸው ስሜታቸውን አልቀነሰውም። የሚቀንሰው ድንጋጤውን ነው።

ስለ ልጆቹ ባጭሩ። በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣውን የአልበርት ላሞሪስን የቀይ ፊኛ ፊልም አሳየኋቸው፤ 34 ደቂቃ ቢሆንም ጨረሱት። ፓሪስ ውስጥ አንድ ልጅን የሚከተል ፊኛ አለ፤ ሌሎች ልጆች አሳደው ያፈነዱታል። የኛዎቹ ከአሳዳጆቹ ጎን ቆመው «በለው!» ሲሉ ነበር። ፊኛው ወዲያው አይፈነዳም፤ ቀስ እያለ እየተጨማደደ ይወርዳል። ያኔ ዝም አሉ። መጨረሻ ላይ የከተማው ፊኛ ሁሉ ተሰብስቦ ልጁን ወደ ሰማይ ሲያነሳው ትልልቆቹ ደስ አላቸው፤ አንዱ ትንሽዬ ግን «የሞተውስ?» አለ። መልስ አልነበረንም።

ብቻዬን ስሆን የማደርገው ሌላ ነገር አለ። ደብተር ላይ መጀመሪያ ሰውነቴን እጽፋለሁ። ጉሮሮዬ ተያዘ? እጄን የት አደረግኩት? ስልኬን ለማየት የፈለግኩት የቱ ጋ ነው? አስተያየት በኋላ ይመጣል፣ አንዳንዴም አይመጣም። በማግስቱ ሳልከፍተው የቀረልኝን ብቻ እጽፋለሁ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። የጀልባውን ፊልም ያየሁ ለታ የጻፍኩት ስለ አባትየው ነበር፤ በማግስቱ ታይዋን ገበያ ውስጥ ስዞር ጆሮዬ ላይ የነበረው አኮርዲዮኑ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚሆን ስፈልግ ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል የሶቪየት ፊልም ሠሪ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያደረገውን ሙከራ አገኘሁ። አንድ ዓይነት የተዋናይ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ጋር፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር፣ አንዴ ከሴት ጋር ያስከትለዋል። ተመልካቹ ረሃቡን አየሁ፣ ሐዘኑን አየሁ፣ ምኞቱን አየሁ እያለ ተዋናዩን አደነቀ ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንዱ ፊት ነው። ለጋሼ ስነግራቸው አልተደነቁም። «የባቡር ተሳፋሪ ፊትም እንዲሁ ነው። የሚሸኘው ሰው ነው የሚያነበው» አሉኝ።

አሁን ግቢው ውስጥ አንድ ክርክር ይዘናል። ባጃጅ ነጂው የካቶን ፊልም ሐምሌ ላይ ደቻቱ ዳር አንሶላ ወጥረን ለሰፈሩ እናሳይ ይላል። እኔ አልተስማማሁም። ግቢ ውስጥ ያለን ሰዎች እንተዋወቃለን፤ ማን ምን እንዳጣ እናውቃለን፣ ማንን ቀድሞ መንገር እንዳለብንም። መንገድ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ይህን ማድረግ አይቻልም። እትዬን ስጠይቃቸው ወደ እሱ አደሉ። የሚፈልግ ይይ፣ ያልፈለገ ይሂድ ባይ ናቸው። ብቻ ሐምሌ ላይ ከሆነ ደጋው ላይ ዝናብ አለመኖሩን ደውላችሁ አጣሩ፣ አንሶላውንም ከአሸዋው ላይ አትትከሉት ብለውናል።