ከአዲሱ ጣቢያ እስከ ከዚራ

ዛሬ ድሬዳዋ ከባቡር ስወርድ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው የመጡ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ወደ አንድ የባጃጅ ሹፌር ቀርበው «ልጄ፣ ከዚራ በስንት ታደርሰኛለህ?» አሉት። ዋጋውን ሲሰሙ ዝም አሉ። «እማማ፣ ከተማው እኮ ከዚህ ሩቅ ነው» አላቸው ልጁ በአክብሮት። «አውቃለሁ፤ የድሮው ባቡር ግን ሰፈሬ ነበር የሚያወርደኝ» ብለው መሐረባቸውን መፍታት ጀመሩ። በአንደኛው ጫፍ የመመለሻ ቲኬታቸው ገንዘብ ለብቻው ተቋጥሮ ነበር፤ የባጃጁን ሒሳብ የቀነሱት ከዚያ ላይ ነው። ቋጠሮውን መልሰው ሲያጠብቁት ጣቶቻቸው የዘገዩበት ሁኔታ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ በጣቢያው ዙሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ሻይ ቤቱም፣ ጋሪውም፣ ጉሊቱም የሚኖሩት ከባቡር በሚወርደው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር አዲስ አበባን ከጅቡቲ ጋር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መስመር ሲያገናኝ ጉዞውን በእጅጉ አሳጥሮታል፤ በዚህም ከልቤ ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ መንገደኛው ለገሃርን ትቶ ፉሪ ለቡ ድረስ ሄዶ መሳፈር፣ እዚህም ከከተማው ውጭ መውረድ ግድ ሆኖበታል። ባቡሩ በሚገባበት ሰዓት ጣቢያው ደጃፍ ላይ የሚጠብቅ አንድ የከተማ አውቶቡስ ቢመደብ፣ እኚያ እናት የመመለሻቸውን ቋጠሮ ባልፈቱ ነበር።