«ቀና ካልኩ መርፌው አይታየኝም»

ልብስ ፋብሪካችን ውስጥ ኮላር የምትሰፋዋ ልጅ አንገቷን በነጠላ ጠምጥማ ሥራ ገባች። ስትጠሯት ከነትከሻዋ ነው የምትዞረው። ጓደኞቿ «ብርድ መቶሽ ነው» አሏት። ሀዋሳ ውስጥ ማጅራቱን የያዘው ሰው ሁሉ ብርድ መታው ነው የሚባለው። ቪክስ ተቀብታለች፣ ዳይክሎ ውጣለች፣ ወጌሻም ጋ ሄዳ ታሽታለች። ለቀቅ ያደርጋትና ማሽኑ ላይ ስትቀመጥ ተመልሶ ይይዛታል።

የዚያን ቀን ታርጌት (በቀን ሰፍተን እንድናወጣ የሚጠበቅብን ቁጥር) አልሞላም ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ላይኑን፣ የስፌት ማሽኖቹን ረድፍ፣ ሲዞር ቆይቶ ከጀርባዋ ቆመ።

«ምን ያስጎነብስሻል? ቀና ብለሽ ስፊ! አንገትሽን የሚያምሽ አቀማመጥ ስለማታውቂ ነው።»

ልጅቷ እጇን ከጨርቁ ላይ አላነሳችም። ድምጿንም ከፍ አላደረገችም።

«ቀና ካልኩ መርፌው አይታየኝም።»

«ሌሎቹስ እንዴት ይታያቸዋል?»

«እነሱም ጎንበስ ብለው ነዋ።»

እኔ የማሽኖቹ መካኒክ ነኝ፤ እዚያው አጠገባቸው ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጫፍ የሚዘመዝም ማሽን) ፈትቼ ነበር። ላይኑን አየሁት። እውነቷን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ማጅራት ብቻ ነው የሚታየው። ሰውዬው ግን «ምክንያት አታብዢ» ብሎ አለፈ። ያቺ ንግግር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

አቀማመጥ ነው ማለቱ ልክ ነው። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀና ሲባል ሸክሙን አብዛኛውን የሚችለው አጥንቱ ነው። ጎንበስ ሲባል ግን ጭንቅላቱ ወደፊት እንዳይወድቅ የማጅራትና የትከሻ ጡንቻ ገትሮ ይይዘዋል። ኬኔት ሀንስራጅ የተባለ አሜሪካዊ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ስሌት፣ አንገት 60 ዲግሪ ሲያጎነብስ የሚያርፍበት ጫና ወደ 27 ኪሎ ይደርሳል። ተወጥሮ የዋለ ጡንቻ ደግሞ ደም እንደልብ አይዘዋወርበትም። ይደክማል፣ ይጠጥራል፣ ሕመሙ ወደ ትከሻና ወደ ራስ ይወጣል። (ክንድ ድረስ ወርዶ ጣት ካደነዘዘ ግን ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ለወጌሻ አይሰጥም፤ ሐኪም ቤት ነው።)

ግን ልጅቷን ያስጎነበሳት ምንድን ነው? አንገት የሚከተለው ዓይንን ነው። ዓይን ደግሞ መርፌውን። መርፌው ዝቅ ካለ «ቀና በይ» ማለት ሥራሽን ተዪ ማለት ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ጠራኋትና «እስቲ እህቴ፣ እንደምትሰፊው ሆነሽ ተቀመጪ» አልኳት። ጠረጴዛው ማሽኖቹ ሲተከሉ በገባበት ቁመት እንዳለ ነው። የእግሮቹን ብሎኖች አላላሁና ከክርኗ ትንሽ ከፍ እስኪል አነሳሁት። የኋላውን ጨመር አድርጌ ወደ እሷ እንዲያዘነብል አደረግኩ። ፔዳሉ ወደ እሷ በጣም ቀርቦ ስለነበር እግሯ ወደ ውስጥ አይገባም ነበር። ስለዚህ ከማሽኑ ርቃ ትቀመጥና በአንገቷ ትደርስበታለች። ፔዳሉን ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ ዘንጉንም አስረዘምኩ። መብራቱን መርፌው አጠገብ አወረድኩላት። ተቀምጣ ሞከረች። አገጯ ከደረቷ ተላቀቀ። «ውይ፣ ይታያል!» አለች።

ተሻላት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ጠዋት ደህና ትሆንና ወደ ማታ መልሶ ይይዛታል። አንድ የማውቀው ፊዚዮቴራፒስት ሲያስረዳኝ፣ የቱንም ያህል ጥሩ አቀማመጥ ቢሆን ሳይነቃነቁ ከዋሉበት ያማል። ሰውነት መለዋወጥ ይፈልጋል። እኛ ጋ ደግሞ ለማረፍ የሚፈቅድ የለም። ስለዚህ ቦቢን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን) በቀየረች ቁጥር ትከሻዋን አሽከርክራ፣ አገጯን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጋ፣ ራቅ ያለ ነገር አይታ እንድትመለስ ተነጋገርን። ቦቢን መቀየር ሥራ ነው፤ ማንም አይናገራትም። አጠገቧ ያሉትም ያዙት።

በወሩ ስብሰባ ላይ ሱፐርቫይዘሩ «በተደረገው ጥብቅ ክትትል ሠራተኞች አቀማመጣቸውን አስተካክለዋል» ብሎ ሪፖርት አቀረበ። ተጨበጨበ። እጄን አውጥቼ የሌሎቹ ላይኖች ጠረጴዛ እንዲነሳ ጠየቅኩ። «ታርጌቱ ይሙላና እናያለን» ተባልኩ።

ጠረጴዛ ማስተካከል የመካኒክ ሥራ ነው፤ የማንንም ፊርማ አይጠይቅም። ኮላሮቹን ጨርሼ አሁን እጅጌ ገጣሚዎቹ ጋ ደርሻለሁ።