ቡሃቃው ሳይጠረግ ውሃ ደፋንበት

ድሬዳዋ ውስጥ የአሞክሲሲሊን ካፕሱል የሚሞላ ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ሥራዬ ማሽኖቹ የታጠቡበትን ውሃ አክሞ መልቀቅ ነው። ያው እጣቢ ነው ብዬ ጀመርኩ።

እጣቢውን ሁሉ ከመጸዳጃው ፍሳሽ ጋር ደባልቄ ወደ ማጣሪያ ገንዳው ላክሁት። ገንዳው የሚሠራው ቆሻሻ በሚበሉ ባክቴሪያዎች ነው። እኔ ደግሞ የባክቴሪያ መድኃኒት አጠጣኋቸው! በሳምንቱ ግቢው ገማ። በድሬ ሙቀት ሽታውን አስቡት። ከሞቱት ይልቅ ግን የሚያስፈሩት ያልሞቱት ናቸው፤ መድኃኒቱን ለምደው ይወጣሉ።

"ውሃ ጨምርበት፣ ይቀጥናል" ያሉኝ ነበሩ። ሂሳቡን ሠራሁት። ባክቴሪያ አሞክሲሲሊንን እንዳይለምድ ተመራማሪዎች ያስቀመጡት ጣሪያ በሊትር 0.25 ማይክሮግራም ነው። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ካፕሱል እዚያ ድረስ ለማቅጠን 2 ሚሊዮን ሊትር ይፈልጋል። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ 200 ቦቴ፣ ለአንድ ፍሬ! የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። የፈሰሰበት ወደ ታች ይሰርጋል፤ ከተማው የሚጠጣውም የጉድጓድ ውሃ ነው።

መላውን ያገኘሁት ከጽዳት ሠራተኛችን ነው። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፤ ድሬ ስለሆነ ግን አንቱታ የለንም። ማሽኑን በጎማ ስናጥብ አይታ፣ "ልጄ፣ ሊጥ የያዘ ቡሃቃ ሳይጠረግ ውሃ ይደፋበታል እንዴ?" አለችኝ። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ውሃ ሳይነካው ዱቄቱን ሄፓ ማጣሪያ (ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር) ባለው ቫኪውም እንስበው ጀመር። መጥረጊያ አይሆንም፤ ብናኙ ይነሳል፣ አሞክሲሲሊን የፔኒሲሊን ዘር ስለሆነ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ይታመምበታል። የተሰበሰበው ታሽጎ ወደ ማቃጠያ ይሄዳል።

የመጀመሪያውን እጣቢ ለብቻው በበርሜል ያዝነው። ከተረፈው መድኃኒት አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ጨምረን ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ 7 ገለልተኛ ነው) 12 አድርሰን፣ እያማሰልን እናሳድረዋለን። አሞክሲሲሊን ኃይሉ ያለው አንዲት ትንሽ ቀለበት ላይ ነው፤ ሶዳው ይሰብራታል። በማግስቱ በአሲድ ወደ 7 መልሰን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ገንዳው እንለቃለን። አንዴ አሲዱን ረስቼ ገንዳውን ደግሜ ገድዬዋለሁ።

መሥራቱን የማየው ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ጠብ አድርጌ ነው። ጠብታው ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ከወጣ መድኃኒቱ ገና አለ ማለት ነው። ክቡ ባይወጣም እፎይ አይባልም፤ በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ከሆነ ሳህኑ አያየውም። ናሙና ወደ ላብራቶሪ መላክ የግድ ነው።

ከዚያ ሌላ የባክቴሪያ መድኃኒት፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) መጣ። በሶዳ አሳደርነው፤ ክቡ ንቅንቅ አላለም። ሲፕሮ ያቺ ቀለበት የለችውም። እጣቢውን ለብቻ ይዘን፣ የማያሰርግ ገንዳ ውስጥ በድሬ ፀሐይ አትንነን፣ ቅሪቱን ወደ ማቃጠያ ላክን።

ሲፕሮ ዝቃጭ ላይም ይለጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ባክቴሪያ መድኃኒት ፋብሪካዎች ቆሻሻ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው መመሪያ ከፍሳሹ ጋር ደረቁን ቆሻሻም የያዘው ለዚህ ይመስለኛል። አንድ የማሽላ ገበሬ ዝቃጩን ለማዳበሪያ ለምኖኝ ከለከልኩት። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "ያ ንፉግ!" ይለኛል።