ፀሐይ ላይ የወጣ ዲዛይን

ዛሬ ጣና ዳር የጀልባ ትኬት መቁረጫ መተግበሪያ ፕሮቶታይፕ (የሙከራ ናሙና) ሲሞከር ገና የመጀመሪያው ስክሪን አስቸገረ። ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ፀሐይ ላይ ጭራሽ አይነበብም። ለተራ ጽሑፍ ዝቅተኛው ንፅፅር (በጽሑፉና በጀርባው ቀለም መካከል ያለው የብሩህነት ልዩነት) 4.5 ለ 1 ነው፤ ለሐይቅ ዳር 7 ለ 1 ይሻላል።

ዋናው ጣጣ ግን ሰዓቱ ነው። «2:00» የሚለውን አንዱ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሌላው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ብሎ አነበበው። ጀልባው ደግሞ አይጠብቅም! «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። የቀን መምረጫውም 13 ወር ይኑረው፤ ጳጉሜን የሚረሳ ብዙ ነው።

የሚሞክሩትን ሰዎች «ወደዱት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ ስላለ ሁሉም «በጣም ቆንጆ ነው» ይላል። ይልቅ «ነገ ጠዋት ዘጌ ለሚሄዱ ሁለት ሰዎች ትኬት ይቁረጡ» በሉና ዝም በሉ፤ ጣታቸው የቆመበትን መዝግቡ። 5 ሰው ከታየ ትልልቆቹ ስህተቶች መደጋገም ይጀምራሉ፤ አስተካክሎ እንደገና ሌላ 5 ሰው ማየት ነው።

ሥራ የምትፈልጉ ልጆች፣ ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማሳያችሁ) ላይ 20 የሚያምር ስክሪን ከመደርደር እንዲህ ያለ 2 ወይም 3 ሥራ ይበቃል፦ ምን ተበላሸ፣ ለምን፣ ምን ተቀየረ። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠየቀው «ለምን» ነው፤ ፊግማን፣ የዲዛይን መሥሪያ ሶፍትዌሩን፣ ማንም ይማረዋል።